ቋጠሮ

ስሜ ልመንህ ነው፤ ሥራዬ ግን ልመና አይደለም፤
«አመለክታለሁ» እላለሁ እንጂ «እባክዎን» አልልም።
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንድ ጥቁር ጃንጥላ፣
ሦስት ዓይነት ማመልከቻ፦ የቀለብ፣ የድንበር፣ የሌላ።

አትጠገብ የመጣችው ለሌላው ነው።

ሐሙስ ማታ ነው አለች፣ ከቀሃ ድልድይ ማዶ፣
ወንድሟ ሰጠኝ ከባጃጇ ወርዶ
ጎማ እየነፋ ሳለ፣ ሰሌዳ የሌላት መኪና ቆመች፤
«ለጥቂት ጥያቄ» አሉት፤ ባጃጇ እዚያው ቀረች።
ጥያቄው ጥቂት ነበር፤ ቀኑ ግን አሥራ አንድ።

«ሕጉ አርባ ስምንት ሰዓት ነው የሚለው» አልኳት።
«በእኛ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ?» አለችኝ፤
እሷም አልቀለደች፣ እኔም ሳቅ አልመጣልኝ።
«ጥፋት ካለው ይፈረድበት፤ በፍርድ የሄደች በቅሎ አታስቆጭም፤
ያለ ፍርድ የተወሰደች ጭብጦ ግን ከጉሮሮ አትወርድም።»

ከጠረጴዛዬ አጭር እግር ሥር
የታጠፈ ሰማያዊ መጽሐፍ ነበር፤
አንድ ክረምት ሆቴል ጠርተው ለስላሳ ያጠጡን፣
«ዓለም የፈረመው ቃል ነው» ብለው የሰጡን።
ጠረጴዛው እንዳያነክስ እሱን ከታች አነጥፌ፣
«ሕግ ይከበርልኝ» ከላይ ስንቱን ጽፌ!
መዝዤ አወጣሁት። ዘጠነኛውን አንቀጽ አነበብኩላት።
ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዬ ያነክሳል።
ያነክስ።

የአቤቱታው ፍሬ አጭር ነው፤ ሥጋውን አምጡ ነው፤
ነፍሱን የሚጠይቅ ሌላ ጌታ አለው።

ጣቢያው ጻፈ፦ «በዚህ ስም የተያዘ ሰው የለም።»
ማኅተሙ ሙሉ ነው፤ ቀኑ አይነበብም።
ቀጠሮ።
ደግሞም ቀጠሮ።

እሷ ግን በየማለዳው ምሳ ዕቃ ታደርሳለች፤
ዘበኛው «አላውቀውም» ይላል፤ ይቀበላታል ግን፤
ማታ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች።
የሌለ ሰው ሽሮ በላ!
የሌለ ሰው ጨርቁን መልሶ ቋጠረ፣
በግራ እጁ፣ ሁለት ጊዜ አዙሮ፣ አባታቸው
ቅዳሜ ገበያ የጤፍ ጆንያ ሲያስር እንዳሳየው።

«ማስረጃ አለሽ?» ስላት አኖረችው ከፊቴ፤
«ከማክሰኞ ጀምሮ አልፈታሁትም፣ አባቴ።»

ጻፍኩ፦ የማስረጃ ዝርዝር። አንደኛ፦ አንድ ቋጠሮ።

ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ አለ፦
«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የጽሕፈት ግድፈት ይሆናል፤
ቀጠሮ ለማለት ነው።»

ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ በመስኮቱ ግንቡን አየሁ።
ወንበር በር የሚሉት አለ፣ ዳኞች ይቀመጡበት የነበረ።
ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣
እየተሰዳደቡ፣ አብረው በልተው፣ አብረው አድረው፣
አንገረብን ተሻግረው ይመጡ ነበር አሉ፤
ቁራኛውን ጥሎ የሚጠፋ አልነበረም፣ እንደ ቃሉ።
እንዲያ ከሆነ ሕግ ማለት ቋጠሮ ነው፤
የዛሬው አንድ ጫፉ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው።
ሌላው ጫፍ ማን ወገብ ላይ ነው?

ዳኛዋ ወጣት ናት። መነጽሯን አወለቀች፤
ጨርቁን አገላበጠች፤ ጣቷን ሰደደች፣ መለሰች።
«ይህን ማንም እንዳይፈታው።
ሰውየውን አቅርቡ፤ እዚህ ቆሞ እሱ ይፍታው።
ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት።»
አትጠገብ ዞር አለችና በከንፈሯ ብቻ
ጠየቀችኝ፦ «በእኛ?»

ሰኞ ነው።
ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ ከችሎቱ በር ቆሜያለሁ።
አንድ ሽማግሌ የድንበር ጉዳያቸውን ይዘው ተከትለውኛል፤ ይጠብቁኝ።
ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ሦስት ተኩልም።
ከኮሪደሩ ጫፍ ጫማ ይጎተታል፤
ክሩን የቀሙት ጫማ እንዴት እንደሚራመድ አውቃለሁ።
የማን እግር እንደሆነ ግን
ገና አላየሁም።